ስለ ሐሸንጌ የተሟገቱት ስደተኛ

ከቆቦ ተነስታችሁ አላማጣን አልፋችሁ፣ የግራካሱን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ኮረምን ስትሻገሩ ሐሸንጌ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው በሚመለሰው ጦር ላይ የጣሊያን አውሮፕላን መርዝ ያዘነበው እዚህ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ስለ መርዙ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲናገሩ፣ ንግግሩን ካዘጋጁት አንዱ ብላቴን ጌታ ሎሬንሶ ታዕዛዝ ነበሩ። የተወለዱት በጣሊያን ቅኝ ግዛት ኤርትራ፣ አካለ ጉዛይ ነው። ቅኝ ገዢው ለአገሬው ልጅ የሚመኘው ከጸሐፊነትና ከአስተርጓሚነት አያልፍም። እሳቸው ግን ተሰደዱ፤ ራስ ተፈሪ ፈረንሳይ ልከዋቸው ሞንፔልዬ ሕግ ተማሩ፤ ከነጻነት በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ በጣሊያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሳ። ፍርድ አላገኘንም። ክሱ ግን በመዝገብ ቀርቷል፤ ጣሊያን "ተገዢዬ" ያለችው ልጅ እጅ አለበት። በሐሸንጌ ስታልፉ ስማቸውን አንሱ።