መክፈቻና ሰይፍ፤ ስለ ቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በየዓመቱ ሐምሌ 5 ቀን፥ ጾመ ሐዋርያት በሚፈታበት ዕለት፥ ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳን ጴጥሮስንና ጳውሎስን ሰማዕትነት ታከብራለች። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ግን እነዚህን ስሞች የምንጠራቸው በበዓላቸው ቀን ብቻ አይደለም። በጉለሌ፥ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ ለብዙ ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖረው ሆስፒታል በቅዱስ ጴጥሮስ ስም ይጠራል፤ ከጉለሌ ሳንወጣም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድኾች መታከሚያ የተሠራው ሆስፒታል የቅዱስ ጳውሎስን ስም ይዟል። እንግዲህ እነዚህ ሐዋርያት እነማን እንደ ነበሩ፥ ሠዓልያንም ስለ ምን ለአንዱ መክፈቻ፥ ለሌላው ሰይፍ እንዳስያዙ እንመልከት።

ጴጥሮስ አስቀድሞ ስምዖን የተባለ፥ የዮና ልጅ፥ የቤተ ሳይዳ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ጌታ ኬፋ ብሎ ሰየመው፤ ይህም በአራማይስጥ ዐለት ማለት ሲሆን፥ ጴጥሮስ የሚለው የዚሁ ቃል የጽርእ ትርጉም ነው። ጳውሎስ ግን ከዐሥራ ሁለቱ አልነበረም። በጠርሴስ የተወለደ፥ ከብንያም ነገድ የሆነ፥ ከገማልያል እግር ሥር የተማረ ፈሪሳዊ ነበረ፤ ሳውል ይባል በነበረበት ጊዜም ምእመናንን ከየቤታቸው እየጎተተ ወደ ወኅኒ ያስገባ ነበር።

በሮም የተገኙ የአራተኛው ምእት ዓመት ሥዕሎች ሁለቱን ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ ጴጥሮስ ጠጕሩ የተጠቀለለ፥ ጢሙ አጭር ነው፤ ጳውሎስ ግን ግንባሩ በራ፥ ጢሙ ወደ ታች የሾለ ነው። በኋላም መክፈቻው የጴጥሮስ፥ ሰይፉ የጳውሎስ መታወቂያ ሆነ። በአገራችንም በዘጌ አድባራት ግድግዳ ላይ የሐዋርያት ሰማዕትነት ተሥሎ ይታያል።

መክፈቻው ጌታ ለጴጥሮስ የሰጠው የተስፋ ቃል ምልክት ነው (ማቴ. 16፥19)፤ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ግን ለሐዋርያት ሁሉ ተሰጥቷል (ማቴ. 18፥18)። ነገር ግን ይህን መክፈቻ የያዘው እጅ የማን እጅ እንደ ሆነ እናስተውል። በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ ጌታውን ሦስት ጊዜ የካደው ሰው እጅ ነው። በር ሊዘጋበት ይገባ ነበር፤ ጌታ ግን ከትንሣኤው በኋላ በጎቹን እንዲጠብቅ ሦስት ጊዜ አደራ ሰጠው እንጂ አልጣለውም። ኋላም በኔሮን ዘመን፥ እንደ ጌታዬ ልሰቀል አይገባኝም ብሎ ቍልቍል ተሰቀለ።

ሰይፉም እንዲሁ ነው። ጳውሎስ የሮም ዜጋ ስለ ነበረ አንገቱን በሰይፍ ተቀላ፤ ሰይፍም የእግዚአብሔር ቃል ምሳሌ መሆኑን ራሱ ጽፎልናል (ኤፌ. 6፥17)። ሆኖም እስጢፋኖስ ሲወገር የገዳዮቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ይኸው ሰው መሆኑን አንርሳ። አሳዳጁ ተሳዳጅ ሆነ።

እነዚህ ሁለቱ በአንጾኪያ፥ ከአሕዛብ ጋር በአንድ ማዕድ ስለ መቀመጥ ተቃውመዋል (ገላ. 2፥11)። ቤተ ክርስቲያን ግን በአንድ ቀን ታከብራቸዋለች፤ ምእመናንም ጴጥሮስ ወጳውሎስ ብለን እንደ አንድ ስም እንጠራቸዋለን።

ስለ ሕሙማን ብናስብ፥ የጴጥሮስ ጥላ እንዲያርፍባቸው በሽተኞች በአልጋ ወደ አደባባይ ይወጡ ነበር (ሐዋ. 5፥15)፤ የጳውሎስም የልብሱ ጨርቅ ወደ ድውያን ይወሰድ ነበር (ሐዋ. 19፥12)። የሳንባ ነቀርሳን የሚፈውስ የመጀመሪያው መድኃኒት በ1936 ዓ.ም. ከመገኘቱ በፊት፥ የታመመ ሰው ዋንጫው ተለይቶበት፥ ጠያቂው ከደጅ ቆሞበት ይኖር ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን በሥርዐት የጨረሰ ይድናል፤ ነገር ግን የጎረቤትን ዐይን ፈርቶ ሳሉን የሚሸሽግ፥ ሲዘገይም የሚሞት ወንድም አለን።

ወገኖቼ፥ መክፈቻ የያዘውን ሐዋርያ ሥዕል ተሳልመን ስናበቃ በራችንን በታመመው ላይ ብንዘጋ፥ ሥዕሉን አየነው እንጂ አላነበብነውም። ምሕረት አግኝተው መሐርያን የሆኑትን እንምሰል፤ የተሸሸገውን በሽተኛ እንፈልግ፥ እጁን ይዘን ወደ ሐኪም እናድርሰው፥ ከማዕዳችንም አንለየው።

የቅዱሳን ሐዋርያት ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።