የአከፋፈል ታሪክና የብድር ዓይነት በአሜሪካ የብድር ነጥብ ውስጥ

ከአገራችን ወጥቶ በዋሽንግተን ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ የተቀመጠ ሰው፣ ሥራ ይዞ፣ የቤት ኪራዩን በወቅቱ እየከፈለ፣ ከማንም ሳይበደር ጥቂት ዓመታት ከኖረ በኋላ ቤት ለመግዛት ወደ ባንክ ቢሄድ «ነጥብ የለህም» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ይህን መልስ የሚያገኘው ዕዳ ስላለበት አይደለም፤ ዕዳ ኖሮበት ስለማያውቅ ነው። በእኛ ዘንድ ዕዳ የሌለበት ሰው የሚመሰገን ስለ ሆነ፣ ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ እንቆቅልሽ ይመስላል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነውም እንቆቅልሹ ከየት እንደ መጣ ለመመርመር ፈልገን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመጨረሻው እንጀምር። ዛሬ በአሜሪካ አበዳሪዎች በብዛት የሚሠሩበት ነጥብ ፊኮ የሚባለው ሲሆን፣ ከ300 ተነሥቶ እስከ 850 ይደርሳል። ነጥቡን የሚያወጣው ድርጅት ራሱ እንደሚገልጸው፣ 35 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ባለዕዳው ያለፉትን ክፍያዎች በቀናቸው ከፍሎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ከሚያሳየው ታሪክ ነው። 30 በመቶው ካለበት የዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው መበደር ከጀመረ ከቈየበት ዘመን፣ 10 በመቶው በቅርቡ ከጠየቀው አዲስ ብድር፣ የቀረው 10 በመቶ ደግሞ ከያዛቸው ብድሮች ዓይነት ይመጣል። እኛ የምንመለከተው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም የፊተኛው እጅግ አሮጌ፣ የኋለኛው ደግሞ እጅግ አሜሪካዊ ነው።

በ1837 በአሜሪካ ታላቅ የንግድ ውድቀት በደረሰ ጊዜ ከከሰሩት ነጋዴዎች መካከል በኒው ዮርክ ሐር የሚነግዱት የታፓን ወንድማማቾች ይገኙበታል። ከሁለቱ አንዱ ሉዊስ ታፓን የባሪያ ንግድን አጥብቆ የሚቃወምና «አሚስታድ» በተባለችው መርከብ ለተጋዙት አፍሪካውያን ነጻነት የተከራከረ ሰው ነው። ይኸው ሰው በ1841 አንድ አዲስ ሥራ አቋቋመ። በየከተማው ያሉ ሰዎች፣ ይልቁንም ጠበቆች፣ ስለ አካባቢያቸው ነጋዴ የሚያውቁትን ጽፈው ይልኩለታል፤ እርሱም በትልልቅ መዛግብት አስገልብጦ በዱቤ ለመሸጥ ለሚያስቡ የኒው ዮርክ ነጋዴዎች በክፍያ ያስነብባል። ከዚህ ሥራ የተረፉት ከ2,500 በላይ መዛግብት ዛሬ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። በውስጣቸው የተጻፈው ሀብትና ዕዳ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ይጠጣል ወይ፣ ትዳሩ እንዴት ነው፣ ሥራ ይወዳል ወይ፣ የሚለውም አለ። የምስክር ቃል ነው እንጂ የሒሳብ መዝገብ አልነበረም። በኛ አገር ዋስ የሚጠራ ሰው ስለ ጓደኛው የሚናገረው ዓይነት ቃል ነው፤ ልዩነቱ ምስክሩ በስውር የሚጽፍ መሆኑና ሰውዬው ቢከስር ዕዳውን የማይከፍል መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ትንሽ አንለውም።

የታፓን መዛግብት የሚመለከቱት ነጋዴዎችን ነበር። ከሱቅ በዱቤ ስኳርና ጨርቅ የሚወስደው ተራ ሰው የተመዘገበው ቈይቶ ነው። ኬተርና ጋይ ዉልፎርድ የተባሉ ወንድማማቾች በ1899 በአትላንታ ከተማ አንድ ድርጅት አቋቁመው፣ ከባለሱቆች የሰበሰቡትን የደንበኞች ስም በመጽሐፍ እያሳተሙ ለባለሱቆች ይሸጡ ጀመር። በየስሙ አጠገብ የሚጻፈው አጭር ነበር፦ ቶሎ ከፋይ፣ ዘግይቶ ከፋይ፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ። ልክ መምህር በፈተና ወረቀት ግርጌ የሚጽፋት ቃል ትመስላለች። እንግዲህ ዛሬ የነጥቡን 35 በመቶ የሚይዘው የአከፋፈል ታሪክ በዚህች በሦስት ቃል መጽሐፍ ውስጥ ቀድሞ ይታያል። ባለሱቁ ስለ ደንበኛው ጠባይ የፈለገውን ቢያስብም፣ ለሌላው ባለሱቅ የሚያካፍለው መክፈሉን ወይም አለመክፈሉን ነበር።

ይሁን እንጂ ወሬው አልቀረም። የዉልፎርድ ድርጅት እያደገ ሲሄድ ለመድን ኩባንያዎችም የሚመረምር ሆነ፤ መርማሪዎቹም ስለ ሰው መጠጥና የቤት ውስጥ ኑሮ ከጎረቤት እየጠየቁ በመዝገብ ያኖሩ ነበር። የተጻፈበት ሰው ምን እንደ ተጻፈበት ማየት አይችልም ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጉዳዩ በአሜሪካ ምክር ቤት ተነሥቶ፣ የሕግ መወሰኛው አባል ዊልያም ፕሮክስማየር በብርቱ ከተከራከረበት በኋላ፣ በ1970 ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ያለውን የማወቅና ስሕተቱን የመቃወም መብት አገኘ፤ ክፉ ወሬም ቢሆን በአብዛኛው ከ7 ዓመት በላይ እንዳይነገርበት ተወሰነ። በ1974 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በጾታና በጋብቻ ምክንያት ብድር መከልከልን አገደ፤ በ1976 ዘርና ሃይማኖት፣ የትውልድ አገርና ዕድሜም ተጨመሩ። ከዚያ በፊት ራሷ ደመወዝ ያላት ሴት የባሏን ፊርማ እንድታመጣ መጠየቋ የተለመደ ነበር። የዉልፎርድ ድርጅት በ1975 ስሙን ለውጦ ኤኩዊፋክስ ተባለ።

በዚህ መካከል የሒሳብ ሰዎች በሌላ መንገድ ይመጡ ነበር። ዴቪድ ዱራንድ በ1941 ባሳተመው ጥናት የተከፈሉትንና ያልተከፈሉትን ብድሮች በስታቲስቲክስ እያነጻጸረ፣ ለተበዳሪው ማርክ መስጠት እንደሚቻል አሳየ። በ1956 መሐንዲሱ ዊልያም ፌርና የሒሳብ ሊቁ ኧርል አይዛክ እያንዳንዳቸው 400 ዶላር አዋጥተው በካሊፎርኒያ ድርጅት አቋቋሙ። ለ50 ታላላቅ አበዳሪዎች ደብዳቤ ጽፈው መልስ የሰጣቸው አንድ ብቻ ነበር። አበዳሪው በዓይኑ አይቶ የሚፈርደውን ፍርድ ለቁጥር ለመልቀቅ ገና አልፈቀደም ነበርና። ከሕጎቹ በኋላ ግን ቁጥሩ መጠጊያ ሆነ፤ ዘርንና ጾታን የማይጠይቅ መለኪያ ያለው አበዳሪ በፍርድ ቤት የሚያቀርበው መልስ አለው። የሁለቱ ሰዎች ድርጅት ለሁሉም አበዳሪ የሚያገለግለውን ነጥብ ያወጣው በ1989 ሲሆን፣ በ1995 የቤት ብድር ገበያ መሪዎች የሆኑት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ሥራ ላይ እንዲውል ስላሳሰቡ በመላው አገር ተስፋፋ።

የአከፋፈሉ ታሪክ አሠራር እንዲህ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቀን የዘገየ ክፍያ መቀጫ ሊያስከፍል ይችላል እንጂ እንደ ልማዱ ወደ መዝገቡ አይገባም፤ 30 ቀን ሲሞላው ግን ይጻፋል። 60ና 90 ቀን የሆነው ደግሞ ይብስበታል። የተጻፈው 7 ዓመት ይቈያል፤ ኪሳራ የታወጀበት ሰው እስከ 10 ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ጉዳቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀለለ ይሄዳል። የሚያስደንቀው ግን ያው የ30 ቀን መዘግየት መዝገቡ ንጹሕ የነበረውን ሰው ቀድሞ ነጥቡ ዝቅ ካለው ሰው ይልቅ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው መሆኑ ነው። ሰውዬው ለምን እንደ ዘገየ፣ ታሞ ይሁን ከሥራ ተባርሮ፣ ቁጥሩ አይጠይቅም። ታፓን ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር፤ ግን ስለ ሚስቱም አብሮ ይጠይቅ ነበር። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ከጓደኞቻችን ጋር ተከራክረን አልተስማማንም። እኛ ወደ ቁጥሩ እናደላለን፤ ስሕተቱ የት እንዳለ ማመልከት ይቻላልና።

አሁን ወደ ብድር ዓይነት እንምጣ። ቀመሩ ሁለት ታላላቅ ዓይነቶችን ይለያል። አንደኛው መጠኑና ዘመኑ ተቈርጦ በየወሩ የሚከፈለው ነው፤ ሁለተኛው በተወሰነ ጣሪያ ሥር ሲከፍሉት እንደ ገና የሚወሰደው፣ ማለት ክሬዲት ካርድ ነው። ሁለቱንም በደንብ የያዘ ሰው ትንሽ ብልጫ ያገኛል። እነዚህ ዓይነቶች ግን ከአሜሪካ ቤተ ሰብ የዕቃ ታሪክ የተወለዱ ናቸው። የሲንገር ኩባንያ የልብስ ስፌት መኪናውን በየወሩ ክፍያ መሸጥ የጀመረው በ1850ዎቹ ነው። ጄኔራል ሞተርስ ለአውቶሞቢል ገዢዎች የሚያበድር ክፍል በ1919 አቋቋመ። ለቤት የሚሰጠው ረጅም ብድር የተስፋፋው መንግሥት በ1934 ባቋቋመው የዋስትና መሥሪያ ቤት ነው። ካርዱ ደግሞ በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በፍሬዝኖ ከተማ ለ60,000 ያህል ሰዎች ሳይጠይቁት በፖስታ በላከው ጊዜ ታላቅ እርምጃ አደረገ። ባንኩ 4 በመቶው ይዘገያል ብሎ ሲጠብቅ 22 በመቶው ዘገየ፤ ይህም የአከፋፈል ታሪክን አስቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም በውድ ዋጋ የተማረበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ያ በ1934 የቆመው መሥሪያ ቤት በጥቁሮች ሰፈር ላሉ ቤቶች ለብዙ ዓመታት ዋስትና ይነፍግ ነበር። ቀመሩ ዘርን አይጠይቅም፤ ይሁንና አባቱ የቤት ብድር የተከለከለ ሰው ከአባቱ ቤት ስለማይወርስ፣ ክፉ ወር ሲመጣ የሚደገፍበት ሀብት የለውም፤ የዘገየውም ክፍያ በመዝገቡ ይገባል። ቁጥሩ የሚያየው ይህን መጨረሻውን ብቻ ነው።

ለ10 በመቶው ሲሉ ያላስፈለገ ብድር መክፈት ግን ከንቱ ነው። አዲስ ጥያቄ ራሱ ነጥብ ይቀንሳል፤ አዲሱ መዝገብም የብድሮቹን አማካይ ዕድሜ ያሳጥራል። በአንጻሩ ያለውን አንድ የመኪና ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነጥቡ በጥቂቱ ሲወርድ አይቶ ይገረማል። ምክንያቱ በወር የሚከፈለው ዓይነት ሥራ ላይ ካሉት ሒሳቦቹ መካከል ስለ ጠፋ ነው።

በመግቢያችን ወደ ጠቀስነው ሰው እንመለስ። ፊኮ ነጥብ ለመስጠት ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ ሒሳብና ባለፉት 6 ወራት የተላለፈ ወሬ ይፈልጋል። ይህ ሰው በአሜሪካም ሆኖ ከአገሩ ሰዎች ጋር ዕቁብ ይጥል ይሆናል። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እኮ ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ከዚያም እስከ ዙሩ መጨረሻ ሳያቋርጥ ይከፍላል። ይህ በወር የሚከፈል ብድር ካልሆነ ምን ይባላል? ነገር ግን የዕቁቡ ጸሐፊ ደብተር ወደ ኤኩዊፋክስም ሆነ ወደ ሌሎቹ ሁለት ድርጅቶች፣ ወደ ኤክስፒሪያንና ወደ ትራንስዩኒየን፣ አይሄድም። የቤት ኪራዩም በአብዛኛው አይነገርም፤ በ2014 የወጣው የፊኮ ስሪት የተነገረለትን ኪራይ ቢቈጥርም፣ አከራዩ ካልተናገረ የሚቈጠር ነገር የለም። ስለዚህ ሰውዬው ብዙ ጊዜ የሚመከረው ጥቂት መቶ ዶላር በባንክ አስይዞ በዚያው ልክ ካርድ እንዲያወጣ ነው፤ የራሱን ገንዘብ መልሶ ይበደርና በየወሩ ይከፍላል፣ ባንኩም ክፍያውን ለሦስቱ ድርጅቶች ይናገርለታል። 6 ወር ሲሞላው የመጀመሪያው ቁጥር ይወጣል።