በሐውልቶቹ መሐል

ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በአምስት ኪሎ አድርጋችሁ ሽቅብ ስትወጡ፣ ከሐውልት ወደ ሐውልት ነው የምትሄዱት። አራት ኪሎ ላይ የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት አለ፤ ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሰማዕታት፤ አፍንጮ በር ደግሞ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ። እኔ ያደግሁት አምስት ኪሎ ነው፣ ከሙዚየሙ ብዙም በማይርቅ ግቢ። ስላሸነፉትና ስለሞቱት በትምህርት ቤት ብዙ ተምሬአለሁ። በሕይወት ስለተመለሰው ወታደር ግን ያስተማረኝ የለም፤ ያወቅሁት ከጎረቤታችን ነው።

እኛ ልጆች «ጋሼ ወታደር» እንላቸው ነበር። በደርግ ዘመን ኤርትራ ውስጥ ለዓመታት ተዋግተዋል። ነሐሴ ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አልጋቸው ሥር ይገባሉ፤ ሌሊት እየጮኹ ይነቃሉ። እኛ እንስቃለን። ትልልቆቹ «በረሃው ነክቷቸው ነው» ብለው ያልፉታል።

ነገሩ የእሳቸው ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ታሪክ ማንበብ ስጀምር ነው። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ፣ ከአፍሪካ ትልልቅ ሠራዊቶች አንዱ በአጭር ጊዜ ተበተነ። ወዲያው የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ 450 ሺህ ያህል ሰው አሰናብቶ ወደ ሲቪል ሕይወት መለሰ። ወደ ገጠር ለተመለሰው የእህል ራሽን፣ ዘርና ማዳበሪያ፣ ለአንዳንዱም በሬ ተሰጠው፤ እግሩን ላጣው ሰው ሠራሽ እግር ተገጠመለት። ካዝናው ለተራቆተ አገር ቀላል ሥራ አልነበረም። ሌሊት እየጮኸ ለሚነቃውስ? ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ነበር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው። የአእምሮ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው።

ለነገሩ ሀብታሞቹም ዘግይተዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች 306 ወታደሮቻቸውን በመክዳት፣ በፈሪነትና በመሳሰለው ክስ ረሽነዋል፤ ከእነርሱ መካከል አእምሯቸው በጦርነቱ የታወከ ነበሩበት። ይቅርታ የተደረገላቸው በ1999 ዓ.ም. ነው! አሜሪካውያን ሐኪሞች ሕመሙን በዛሬው ስሙ በይፋ የመዘገቡትም ከቬትናም በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ነው።

የእኛ ወታደር ግን ከሐኪም እጦት ሌላ አንድ ተጨማሪ ሸክም ነበረበት፤ የሚያወራበት ሰው አልነበረውም። የቃኘው ሻለቃን ተመልከቱ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ530 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው፤ ኮሪያ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነርሱ ነው። ደርግ ሲመጣ ግን ኮሚኒስቶችን የወጉ ተብለው በክፉ ዓይን ታዩ፤ ያ ጀብዱ አፍ ሞልቶ የማይነገር ሆነ። ከ1983 በኋላ ደግሞ ተራው የደርግ ወታደር ሆነ። የተሸነፈ ጦር አባል ነውና ቁስሉን ቢያወራ ማን ይሰማዋል? ፉከራችንና ሽለላችንም ቢሆን የሚያውቁት ጀግናና ፈሪን ብቻ ነው። ፈርቶ የጸና፣ ገድሎ ያለቀሰ ሰው ስም የለውም።

እኛ አማኞችስ? ጋሼ ወታደር አንድ ጊዜ ወደ ጸሎት ፕሮግራም መጥተው ነበር። ሲንቀጠቀጡ ያዩ አገልጋዮች ከበቧቸውና እየጮኹ፣ እየገፏቸው ጸለዩላቸው። ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጡም። ጸሎቱን አልነቅፍም፤ ጩኸቱን ግን እነቅፋለሁ። ኤልያስ በቂሶን ወንዝ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ ወደ በረሃ ሸሽቶ ሞትን ለምኗል (1ኛ ነገሥት 18–19)። መልአኩ አልጮኸበትም። ዳሰሰው፣ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ ኤልያስም በልቶ ተመልሶ ተኛ። እግዚአብሔር ምን እንደሚያደርግ የጠየቀው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ ነው፤ ሲመልስም እስኪጨርስ ሰማው።

እናቴ ይህን ሁሉ ሳትተነትን ቡና ስታፈላ ትጠራቸው ነበር። ስለ ጦርነቱ ጠይቃቸው አታውቅም። ከወራት በኋላ አንድ ቀን፣ በረካው ሲቀዳ፣ አጠገባቸው ስለወደቀ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ራሳቸው ማውራት ጀመሩ። አማኑኤል የሄዱትም በእሷ ጉትጎታ ነው፤ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው፣ መድኃኒቱንም «ጸሎቱ ይበቃል» ብለው እንዳይተዉት ትቆጣቸው ነበር። በረዶው ሲመጣ መደንገጣቸው ጨርሶ አልቀረም። አልጋ ሥር መግባቱ ግን ቀረ።

ከሰሜኑ ጦርነትና ከ2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በየክልሉ ወደ ሲቪል ሕይወት እንዲመለሱ የታቀደላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው፤ የተዋጉትም በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሁለቱ ባለፈው ክረምት ወደ ኅብረታችን መጥተዋል። የሚቀመጡት ከበሩ አጠገብ ነው፤ ኳየሩ ሲዘምር አንደኛው ወጥቶ ይቆማል። እኛም ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርገናል።