«ሐረግ» ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ነታኒያ ያደግን ልጆች «የዘር ሐረግህን ታውቃለህ?» ስንባል ጆሯችን ቀድሞ የሚሰማው የዕብራይስጡን «ሃራግ» ነው፤ ገደለ ማለት። ቃላቱ ግን አይዛመዱም። ያኛው በ«ሄ» ይጻፋል፣ የእኛው በሐመሩ «ሐ» ነው፤ አማርኛ የሁለቱን ድምፅ ስላቀላቀለው ነው የሚመሳሰሉት።

ሐረግ ከግእዝ የመጣ የተክል ስም ነው፤ በዛፍ ወይም በአጥር ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣው። በብራና መጻሕፍት ገጽ አናት ላይ የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥም ሐረግ ይባላል። ከዕብራይስጥ ጋር በእውነት የሚዛመዱት ሌሎቹ ናቸው፦ «ዘር» በግእዝ «ዘርዕ»፣ በዕብራይስጥ «ዜራዕ» ነው፤ «ትውልድ» ደግሞ በኦሪት የምናነበው የ«ቶልዶት» ዘመድ።

ዕብራይስጥ ለትውልድ ቆጠራ «ኢላን ዩሐሲን» ይላል፤ ኢላን ዛፍ ነው፣ ዛፍ ደግሞ አንድ ግንድ አለው። ለእኛ አቆጣጠር ሐረግ የተሻለ ይመስለኛል። ቤተ እስራኤል እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመዱ አይጋቡም፤ ቆጠራውም በአባትም በእናትም ነው፣ አንድ ግንድ ይዞ መውጣት አይበቃም። (ሃላኻ እኮ የአጎት ልጅ ማግባትን አይከለክልም! ክርስቲያኑ የአማራ ጎረቤት ግን እሱም «ሰባት ቤት» ይቆጥራል።)

ችግሩ የመጣው እዚህ አገር ስንገባ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ የራስ ስም አለ፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ገባ። በምዝገባው የአንዱ የአባት ስም፣ የሌላው የአያት ስም «ሼም ሚሽፓሓ» ሆነ። ስለዚህ የወንድማማቾች ልጆች በተለያየ ስም ይጠራሉ፣ ምንም የማይዛመዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ስም ይዘው ይገኛሉ። የእናት ወገንማ በቤተሰብ ስሙ ውስጥ ጭራሽ የለም።

እናም ከቂርያት ጋት የመጣችን ልጅ ወደዳችሁ እንበል። ስሟ ከስማችሁ ስለተለየ ዝምድና የለም ማለት አይደለም። መልሱ ያለው አያቶቻችን ጋ ነው፣ አብዛኛውም አልተጻፈም። ስትጠይቁ «የአባትዎ አባት ማን ይባሉ ነበር?» ብላችሁ አታቁሙ፤ «እናታቸውስ? የእሳቸው እናትስ?» በሉ። አገሩንም ጠይቁ፣ ወገራ ይሁን ደምቢያ ወይስ ሰሜን፤ አንድ ዓይነት ስም በየቦታው አለና።