ከዝዋይ ደሴቶች እስከ ፕላዝማ፦ የመምህር ነገር በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔም አልቀሩም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በአንድ ሰዓት ለሁሉም ይተላለፍ ጀመር። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ርዕሱን ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ጥግ ይይዛል፤ መጨረሻ ላይ በቀሩት ደቂቃዎች ያጠቃልላል። መሃሉ የፕላዝማው ነበር። ፕላዝማው በቂ ዕውቀት ነበረው፤ ሥዕሉና ቤተ ሙከራው ብዙ ትምህርት ቤት በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ነበር። ግን እጁን ያወጣውን ተማሪ አያይም። «መለስ በልልኝ» ቢሉት አይመለስም። ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከክፍሉ መልስ ቢመጣም ባይመጣም፣ ትክክል ቢሆንም ባይሆንም፣ «በጣም ጥሩ» ዓይነት ነገር ብሎ ያልፋል።

የዚያን ጊዜ መምህራን ክፉኛ ተበሳጭተው ነበር። ብስጭታቸው የተናቀ ሠራተኛ ኩርፊያ ብቻ አይመስለኝም። ማስተማር ዕውቀትን ማድረስ ብቻ ከሆነ ፕላዝማው በልጧቸዋል። ካልሆነ ደግሞ፣ ከመምህሩ ምን ተወሰደበት? ለመልሱ ይህ ሸለቆ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው።

በዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችው የቱሉ ጉዶ ደሴት ደብረ ጽዮን ትባላለች። ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው እንደ ተጠለሉባት ይተረካል። ትረካው እንደ ትረካ ይቆይና፣ የብራና መጻሕፍቱ ግን ነበሩ፤ መጽሐፍ ባለበት ደግሞ አንባቢ የሚያወጣ የኔታ መኖሩ አይቀርም። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ብዙ ሊነቀፍ ይችላል፤ ልምጩ፣ ሳይገባ መሸምደዱ፣ ሴት ልጅን ከደጅ ማስቀረቱ። አንድ ነገር ግን ነበረው። ፊደል የቆጠረ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን ሲዘልቅ፣ ዳዊት ሲደግም፣ ለብቻው የኔታ ፊት ቀርቦ ነው። የኔታ መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ዓይናቸው የጠፋም ብዙ ነበሩ። ሥራቸው መስማት ነው። በግዕዝ ንባብ ስልት ተነሽ የሚባለውን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነበበ ልጅ እዚያው ይያዛል። ቅኔ ቤት ሲገባም እንደዚያው ነው፤ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። በአርሲና በሸዋ የቁርአን ቤቶችም ደረሳው በሉሁ ላይ የጻፈውን ለሸኩ ያሰማል፤ ካልጠራ ሉሁ አይታጠብም፣ ወደ ቀጣዩም አይታለፍም። ሁለቱም ቤቶች ክፍል ሙሉ ተማሪን በአንድ ጀንበር አያሳልፉም። እያንዳንዱ በስህተቱ ልክ ይቆያል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር የሸለቆውን ገጽ ቀየረው። አዳማና ሞጆ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ፣ የባቡር ሠራተኛና ወዛደር ሰፈረባቸው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዶች ሥራ ሲጀምር፣ የትምህርት ዓላማም አብሮ ግልጽ ሆነ፦ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ ድሬሰር፣ መካኒክ። ወላጅ ልጁን የሚልከው ደመወዝተኛ እንዲሆንለት ነው። በዚህ የሚነቀፍ ወላጅ የለም። ሜኖናይት ሚሲዮኖች በናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ ሆስፒታላቸው ድሬሰሮችን ያሠለጥኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ባይብል አካዳሚን ከፈቱ፤ ደርግ እ.ኤ.አ. በ1982 እስኪወርሰው ድረስ ከየአቅጣጫው ተማሪ ይጎርፍበት ነበር። በሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ ላይ አድቬንቲስቶች የአዳሪ ትምህርት ቤት ነበራቸው። የአዳሪ ትምህርት ቤት ምስጢሩ ብዙም ረቂቅ አይደለም፤ መምህሩ ማታም እዚያው ነው።

መንግሥት በበኩሉ መምህር አጥሮት ነበር። በ1955 የትምህርት ዘመን የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በመቶዎች ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ፤ ናዝሬትም ድርሻዋን አገኘች። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመያዛቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ አገር ማስተማር ግዴታቸው ሆነ። እነዚህ ወጣቶች ለተማሪው ዕድሜ የቀረቡ ነበሩ፤ ጋዜጣ ይዘው ገቡ፣ ክርክር አስተማሩ፣ «ለምን?» ማለትን አስለመዱ። ግን መንገደኞች ነበሩ። ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት ባወቁ ማግስት ይሄዳሉ። የሸለቆው ከተሞች መምህር የሚያልፍባቸው ሥፍራዎች ሆነው ኖረዋል፤ ጥሩ መምህር ወደ አዲስ አበባ ለመቅረብ ዝውውር ይጠይቃል፣ አዳማ ደግሞ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ፌርማታ ናት።

መምህራኑ ለተማሪው ከመጽሐፍ ውጭም ቆመው ያውቃሉ። የካቲት 11 ቀን 1966 የተመታው የመምህራን አድማ ከራሳቸው ደመወዝ ጋር የድሃ ልጅ ጥያቄም ነበረበት። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ዕቅድ ብዙውን ልጅ በጥቂት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሊያስቀረው ነው ብለው ሠጉ። ንጉሡ ዕቅዱን አነሱት፤ ዘውዱ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ ማስተማር የአገር ሥራ ሆነ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ አሥራ አምስት ደረሰ። ኦሮምኛው የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። በ1984 ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ሲመጣ፣ ለዓመታት ያስተማረ መምህር እንደ ተማሪዎቹ ከፊደል ጀመረ። ተማሪዎቹ ፊት መሳሳት የነበረበት መምህር ምናልባት ከሁሉም ይበልጥ ተምሮ ይሆናል። የቋንቋውን ፖለቲካ ለሌላ ቀን እንተወው፤ ልጅ ስህተቱን በሚያስብበት ቋንቋ ሲታረም ቶሎ እንደሚገባው ግን ክፍል ውስጥ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

በደርግ ዘመን፣ እምነት በሚያሳፍርበት ጊዜ፣ የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ዝዋይ (ዛሬ ባቱ) ላይ የካህናት ማሠልጠኛ መሠረቱ። በክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እየሰበሰቡ ራሳቸው ያስተምሩ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እስኪያርፉ ድረስ ያስተማሯቸው ወጣቶች በኋላ የማኅበረ ቅዱሳን መሥራቾች ከሆኑት መካከል ናቸው። በማኅበሩ መንገድ የሚስማማም የማይስማማም አለ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ አንድ ሊቀ ጳጳስ ክረምቱን ሙሉ ከጥቂት ልጆች ጋር ማሳለፉን እንደ ትንሽ ሥራ አለመቁጠሩ።

አዳማ ላይ ደግሞ የተለየ ነገር ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በ2003 የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሆነ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፦ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ብየዳ ማስተማር ይችላል ወይ? እጁ የለመደው ባለሙያ ተማሪው ለምን እንዳቃተው ብዙ ጊዜ አይገባውም፤ እሱ መቼ እንደተቸገረበት ረስቶታል። ኮሌጁ ግን በዚያ ጥያቄ ላይ ረግቶ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። መጀመሪያ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ኸርበርት አይሼለ፣ ቀጥሎ ኮሪያዊው ጃንግ ጊዩ ሊ መሩት። አንዱ ጀርመንን፣ ሌላው ኮሪያን አስመስሎ ሊሠራው ሞከረ። ምሁራኑን አልነቅፍም። ግን መምህር ማፍራት የነበረ ዓላማ ምርምርና ኢንዱስትሪ ለሚባል ትልቅ ስም ቦታውን ለቀቀ፤ ያኔ ብዙም ሰው አልተከራከረበትም።

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ ኩረጃን ለማስቀረት ተብሎ ተሰጠ። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አገር ደነገጠ፤ ጣት መምህሩ ላይ ተቀሰረ፤ የመምህራን የብቃት ፈተናም መጣ። የሚያስተምረውን የማያውቅ መምህር መለየቱ ተገቢ ነው። ግን እነዚያ ልጆች ተነሽና ወዳቂ ሳይለዩ፣ ክፍልፋይ ሳይገባቸው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ሲያልፉ ነው የመጡት። ስልሳና ሰባ ልጅ በአርባ ደቂቃ የሚያስተምር መምህር የስንቱን ደብተር ያያል? ስንቱን ስሕተት ይሰማል?

ያው መምህር ከአሥር ሰዓት በኋላ አዳማ ውስጥ በሰው ሳሎን ይገኛል፤ አስጠኚ ሆኖ። በደመወዙ ወሩን አይዘልቅም። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ልጆች አሉ። አንዱ ሲሳሳት ያስቆመዋል፤ «እዚህ ጋ እንዴት መጣህ?» ይለዋል፤ ልጁ ያስረዳዋል፤ የተሳተበት መስመር ይገኛል። ጠዋት በክፍል ያላገኙትን ይህን ነገር ወላጅ በወር ከፍሎ ይገዛዋል። የኔታ ለቆሎ ተማሪ በነጻ የሚሰጡት ነበር። አሁን በሰዓት ይሸጣል፤ ጠዋት ከዚያው ክፍል የነበሩት፣ የሊስትሮ ሣጥን ይዘው መናኸሪያው አካባቢ የሚውሉት ልጆች ደግሞ አይገዙትም።