ጉዞ፣ ዜማና ባለቤትነት፦ የአኒ ዲፍራንኮ የመጀመሪያ አልበም ሲመረመር

ይህ መጣጥፍ አሜሪካዊቷ ድምፃዊት፣ የዜማና የግጥም ደራሲ አኒ ዲፍራንኮ እ.ኤ.አ. በ1990 በራሷ ስም ሰይማ በራሷ ኩባንያ ያሳተመችውን የመጀመሪያ አልበም ይመረምራል፤ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዲፍራንኮ የምትመደብበት የፎክ ሙዚቃ በመነሻው ከሕዝብ አፍ የተገኘ፣ ደራሲው የማይታወቅ ባህላዊ ዘፈን ሲሆን፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ግን ዘፋኙ ራሱ ደርሶ፣ በጊታር እያጀበና ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚያቀርበውን፣ ማኅበራዊ ጉዳይ የሚነካ ዘፈንም ይጨምራል። ስለ ዲፍራንኮ ሲጻፍ ጎልቶ የሚነሳው የትልልቅ ኩባንያዎችን ግብዣ አለመቀበሏ ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ግን እምቢታዋ ፍሬ ያፈራው ከኋላው ጉዞ ስለነበረ ነው የሚል ነው፤ ጉዞው በአንድ ጊዜ የገበያ መረብ፣ የአጨዋወት ስልት ምንጭና የግጥም ርእሰ ጉዳይ ሆኖ አገልግሏልና።

የአልበሙ መነሻ

ዲፍራንኮ በ1970 የተወለደችው በኢሪ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቡፋሎ ሲሆን፣ ከተማዋ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢዋ የነበረው ግዙፍ የብረት ፋብሪካ አብዛኛውን ሥራውን ሲያቆም ክፉኛ የተጎዳች የኢንዱስትሪ ከተማ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ በቡፋሎ መጠጥ ቤቶች የተጫወተችው ዲፍራንኮ በአሥራ አምስት ዓመቷ ራሷን ችላ መኖር ጀመረች፤ ቆይታም ወደ ኒው ዮርክ ከተማ ተሻግራ በኒው ስኩል የገጣሚው ሴኩ ሰንዲያታ ተማሪ ሆነች። ከዝግጅቶቿ በኋላ አድማጮች የሚወስዱት ካሴት እንዳለ እየጠየቁ ስላስቸገሯት፣ ድምፅና ጊታር ብቻ ያለበትን ቅጂ አዘጋጅታ በ500 ካሴት አስባዛች። አልበሙን ያሳተመችበት ድርጅት መጀመሪያ ራይቸስ ሬከርድስ፣ በኋላ ደግሞ ራይቸስ ቤብ ሬከርድስ ተባለ።

የሬከርድ ኩባንያ አሠራርና አማራጩ

የውሳኔዋን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን አሠራር ማወቅ ያሻል። በተለመደው ውል ኩባንያው ለዘፋኙ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ይህ ክፍያ እንደ ብድር የሚታይ ስለሆነ፣ ከሽያጭ ለዘፋኙ የሚደርሰው ድርሻ ማለትም ሮያሊቲ በቅድሚያ ዕዳውን ለመክፈል ይውላል። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ቢሆን ማስተር የሚባለው፣ ሌሎች ቅጂዎች ሁሉ የሚባዙበት ዋናው ቅጂ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። በዚህም የተነሳ ዘፋኙ የራሱ ሥራ መቼ፣ በምን መልክና በስንት እንደሚሸጥ የመወሰን ሥልጣን አይኖረውም።

ዲፍራንኮ ማስተሩን በእጇ ስታስቀር ይህን ሥልጣን አገኘች፤ በምላሹ ግን ኩባንያ የሚሸከመውን ሥራ፣ ማለትም ማሳተምን፣ ማስተዋወቅንና ማከፋፈልን፣ ራሷ መሸከም ነበረባት። ክፍተቱን የሞላው መንገዱ ነው። መኪናዋን እየነዳች በኮሌጆች፣ በቡና ቤቶችና በፎክ ፌስቲቫሎች ተጫወተች፤ ካሴቱን ከመድረክ ስትወርድ ራሷ ሸጠች፤ ገዢዎቹም ለጓደኞቻቸው እየቀዱ ስሟን እርሷ ገና ወዳልደረሰችበት ከተማ አደረሱት። መሬቱም ፈጽሞ ያልታረሰ አልነበረም፤ በ1973 የተመሠረተው ኦሊቪያ ሬከርድስን የመሳሰሉ በሴቶች የሚመሩ አሳታሚዎች ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጭ የሆነ የአድማጭና የአከፋፋይ መረብ አስቀድመው ዘርግተው ነበር።

ስልትና ግጥም

የጉዞው አሻራ በጊታር አመታቷ ላይም ይታያል። ሰው እየጠጣና እያወራ በሚያመሽበት ቤት ብቻውን የሚጫወት ሙዚቀኛ ከበሮውንም ቤዙንም ከአንዲት ጊታር ማውጣት ይኖርበታል። ዲፍራንኮ ክሮቹን ከመደበኛው ውጭ በልዩ ልዩ መንገድ እየቃኘች፣ በጣቶቿ ላይ የፕላስቲክ ጥፍር ለጥፋና በኤሌክትሪክ ፕላስተር አስራ፣ ክሩን ከመነካካት ይልቅ ወደ መምታት የሚጠጋ ስልት አዳበረች። አልበሙ ሌላ መሣሪያ ስለሌለበት ይህ ስልት ያለ ሽፋን ይደመጣል፤ በድምፅዋ ፋታ መሀል የሚገባው የክር ምት ሐረጉን ይቆርጣል፣ ያጠብቃል፣ አንዳንዴም ለግጥሙ መልስ ይሰጣል።

በግጥም ረገድ ሁለት ዘፈኖች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። ከመጀመሪያው አልበም በኋላ፣ በ1992 በወጣው «ኢምፐርፌክትሊ» በተሰኘው አልበሟ የሚገኘው «ኤቭሪ ስቴት ላይን» ብቻዋን የምትነዳ ወጣት ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስትሻገር የሚገጥማትን ይተርካል፤ ያለ ፈቃድ የገቡ ስደተኞችን የሚፈልጉ ጠባቂዎች በምዕራብ ቴክሳስ ሲያስቆሟት፣ መንገድ ለአንዱ ነፃነት ለሌላው ፍርሃት መሆኑ ይጋለጣል። በመጀመሪያው አልበም የሚገኘውና ለገጣሚዋ ሉሲል ክሊፍተን መታሰቢያነት የቀረበው «ሎስት ውማን ሶንግ» ደግሞ ፅንስ ለማቋረጥ በተቃዋሚዎች መሀል አልፋ ወደ ሕክምና ቦታ የምትገባ ወጣትን ይከተላል። ጥንካሬው ጉዳዩን በመፈክር ሳይሆን በወጣቷ እርምጃ፣ በመጠበቂያ ክፍሉና በዝምታው ማሳየቱ ነው። አከራካሪ ርእስ ያለው እንዲህ ያለ ዘፈን ለንግድ ሬዲዮ በሚያስብ ኩባንያ ውስጥ ሳይለዝብ ማለፉ አጠራጣሪ ነበር፤ ባለቤትነቱ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የግጥሙም ዋስትና የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ውጤቱና ወሰኑ

በዚህ መንገድ የተጀመረው ሥራ በ1997 በወጣው «ሊቪንግ ኢን ክሊፕ» የተሰኘ የመድረክ አልበም የወርቅ ሬከርድ ዕውቅና እስከማግኘት ደረሰ። የንግድ ጋዜጦች በስኬቷ ሲደነቁ ግን ዲፍራንኮ በዚያው ዓመት ለሚዝ መጽሔት በጻፈችው ግልጽ ደብዳቤ በገቢዋ መጠን መመዘኗን ተቃወመች፤ መታወስ የምትሻው በዘፈኖቿ መሆኑንም አስረዳች። ድርጅቷም ለሌሎች መጠጊያ ሆኗል፦ የአናይስ ሚቸል «ሄዲስታውን» በ2010 በአልበምነት የወጣው በዚሁ አሳታሚ ሲሆን፣ ከዚህ ሥራ የተዘጋጀው ሙዚቃዊ ተውኔት በ2019 ስምንት የቶኒ ሽልማቶችን አግኝቷል። በቡፋሎም ለመፍረስ ተቃርቦ የነበረ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ታድሶ የኮንሰርት አዳራሽና የድርጅቱ መቀመጫ ሆነ።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ ለማንኛውም ሙዚቀኛ እንደሚሠራ መመሪያ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። ዓመት ከዓመት ያለ ዕረፍት መጓዝ ጤና፣ ጉልበትና ብቸኝነትን የመቋቋም ብርታት ይጠይቃል፤ ዲፍራንኮ ራሷ በ2005 በእጇ ጅማት ሕመም ምክንያት ከመድረክ ለመራቅ ተገዳለች። ዋናውን ቅጂ በእጅ ማስቀረት ድካሙን አያስቀርም፤ የድካሙ ፍሬ ለደራሲው እንዲመለስ ግን ያደርጋል።

ስለዚህ የ1990ው አልበም ሊመዘን የሚገባው በቀረጻው ጥራት ወይም በሽያጩ ብዛት ብቻ አይደለም። የአልበሙ ትልቅነት የአጨዋወቱ ስልት፣ የግጥሙ ድፍረትና የገበያው አካሄድ ከአንድ የሕይወት ልምድ መቀዳታቸው ነው። ስለ ሙዚቃ የሚጽፉ ተመራማሪዎችም የአንድን ሥራ ውበት ሲተነትኑ ሥራው የማን ንብረት እንደሆነና በምን መንገድ ወደ አድማጩ እንደደረሰ አብረው ሊጠይቁ ይገባል።