የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር የመንገደኞች ፉርጎዎች፤ የአገልግሎት ዘመናቸውና የአጠባበቃቸው ጉዳይ

የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር የመንገደኞች ፉርጎዎች ከጅቡቲ ወደብ እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ላይ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሕዝብ ያመላለሱ ተሽከርካሪዎች ናቸው። “ፉርጎ” የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛው “ፉርጎን”፣ “ለገሃር” የሚለውም “ላ ጋር” ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ወደ አማርኛ የገቡት ከዚሁ ሐዲድ ጋር ነው። ቃላቱ በሕዝብ አፍ ጸንተው የቀሩ ሲሆን፣ ፉርጎዎቹ ግን በአብዛኛው ሥራ ካቆሙ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለባቡሩ ሥራ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ግንባታው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ከተቆረቆረችበት ሥፍራ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ኩባንያው በገንዘብ እጥረት በመውደቁ ሥራው ለዓመታት ተስተጓጎለ። በአዲስ ኩባንያ የቀጠለው ግንባታ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ነው።

የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ መሆኑ የፉርጎዎቹን ታሪክ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የወሰነ ጉዳይ ነው። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር ሹል ኩርባዎችን ለመዞር ያስችላል፤ ወጪውም አነስተኛ ነው። በአንጻሩ ፉርጎው ጠበብ ብሎና ክብደቱ ቀለል ብሎ እንዲሠራ፣ ፍጥነቱም እንዲገደብ ያስገድዳል። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ጉዞውን የሚፈጽም ፉርጎ በአንድ ጉዞ የባሕር ዳርቻ ጨው ያዘለ አየር፣ የቆላ ሐሩርና አቧራ፣ የደጋ ዝናብና ብርድ ይፈራረቁበታል። ብረቱ በጅቡቲ ይዝጋል፤ እንጨቱ በአይሻና በአዲጋላ ሙቀት ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው እንጨት ደግሞ በአዲስ አበባ ክረምት ውኃ ይጠጣል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይወስድ ነበር። መንገደኛው የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድራል። በአዋሽ ጣቢያ የሚገኘው “ቡፌ” የሚባለው ማረፊያ ዝናውን ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በእንፋሎት የሚሠሩትን መተካት ሲጀምሩ ጉዞው ፈጠነ፤ የጭሱና የፍሙ ችግርም ተቃለለ።

ፉርጎዎቹ በማዕረግ የተከፋፈሉ ነበሩ። የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ምቾት ባለው መቀመጫ ሲጓዝ፣ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ በእንጨት አግዳሚ ላይ ከዕቃው ጋር ተጨናንቆ ይሄዳል። ይሁን እንጂ መስመሩን ሕይወት የሰጠው ይኸው ሦስተኛ ማዕረግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቢሾፍቱ፣ የሞጆ፣ የአዳማ፣ የመተሐራ፣ የሚኤሶና የኤረር ጣቢያዎች ገበያ የሚቆመው ባቡሩ ሲደርስ ነበር፤ ሻጩ በመስኮት ይሸጣል፣ ገዢውም ሳይወርድ ይገበያያል። ወደ ሥራ ምድቡ የሚሄደው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴው፣ ተማሪውና አርብቶ አደሩ ጎን ለጎን የተቀመጡበት ሥፍራ ቢኖር ይህ የእንጨት አግዳሚ ነው።

በሌላው ጫፍ ለንጉሠ ነገሥቱ ጉዞ የተዘጋጁት ልዩ ፉርጎዎች ይገኛሉ። ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር ወደ ርዕሰ ከተማዋ በተቃረበበት ወቅት ወደ ጅቡቲ ያመሩት በዚሁ የባቡር መስመር ነበር። ከድል በኋላም ለጉብኝትና ለእንግዳ አቀባበል በልዩ ፉርጎ መጓዛቸው ቀጥሏል። እነዚህ ፉርጎዎች በለገሃር ተጠልለው ለዓመታት በመቆየታቸው ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ዘመን ተሻግረዋል።

የመስመሩ ታሪክ መራራ ገጽም አለው። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ዋዜማ ድልድዮች በመፍረሳቸው አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ አቅራቢያ አንድ የመንገደኞች ባቡር ኩርባውን ፍጥነቱን ሳይቀንስ በመግባቱ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ። ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት ይህ አደጋ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት እጅግ አስከፊ አደጋዎች አንዱ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው የቀድሞው መስመር አገልግሎት ተቋረጠ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀድሞዎቹ ፉርጎዎች የቱንም ያህል ቢጠገኑ በዚህ ሐዲድ ላይ ሊሽከረከሩ አይችሉም። በመሆኑም አሮጌ ፉርጎን ለመጠበቅ ማሰብ፣ ጥቂትም ቢሆን አሮጌውን ሐዲድ ለመጠበቅ ማሰብ ማለት ነው። ሐዲዱ ከተነሳ ፉርጎው ባለበት የቆመ ቤት ይሆናል።

ስለ አጠባበቅ ሲነሳ ድሬዳዋን ማለፍ አይቻልም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ከባቡሩ ጋር ሲሆን፣ በዚያ የሚገኘው የጥገና ወርክሾፕ የብረት ማቅለጫ፣ የቶርኖ፣ የብየዳና የአናጺ ክፍሎች አሉት። ከውጭ መለዋወጫ ማስመጣት በማይቻልባቸው ዓመታት የጎደለውን እዚያው ቀርጾና አቅልጦ ማውጣት የወርክሾፑ የዘወትር ሥራ ነበር። ብዙዎቹ ማሽኖች ራሳቸው በዕድሜ ከፉርጎዎቹ የማይተናነሱ በመሆናቸው ወርክሾፑ ዛሬ የጎብኚዎች መዳረሻ ሆኗል።

የቆመ ፉርጎ ከሚሠራ ፉርጎ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚበላሽ የሙያው ሰዎች ያውቁታል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ፉርጎ ግራሶው ይደርቃል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል፤ የፍሬን ቱቦዎቹ ይሰነጣጠቃሉ። የጣሪያው ላሜራ በአንድ ሥፍራ ከተበሳ ውኃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ ከታች ያለውን የእንጨት ወለል ያበሰብሳል፤ ቀሪውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አዲስ ቀለም መቀባት ሳይሆን ከፉርጎው በላይ ጣሪያ ማቆም ነው። ቀለም ዝገትን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም፤ ከዚያም አልፎ የመጀመሪያውን ጽሑፍ፣ የማዕረግ ምልክቱንና የፉርጎውን ቁጥር ደፍኖ ያጠፋል። ከብረቱ ባልተናነሰ የሚያሳስበው ደግሞ የእጅ ሙያው ነው። አንድን ኩሽኔታ አፍስሶ ማስተካከል ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጌታው እጅ የሚማሩት ሥራ ሲሆን፣ ሙያውን የሚያውቁት ሠራተኞች አርጅተዋል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ እንዲመዘገብ፣ ቅርስ የያዘ አካልም በሚገባ እንዲጠብቅ ደንግጓል። በተግባር ሲታይ ግን አንድ አሮጌ ፉርጎ በመጀመሪያ የሚገኘው በቅርስ መዝገብ ሳይሆን በንብረት መዝገብ ነው። በንብረት መዝገብ አገልግሎት የማይሰጥ ነገር ይወገዳል፤ ብረትም በኪሎ ይሸጣል። የንጉሠ ነገሥቱን ፉርጎ ማንም በኪሎ ለመሸጥ አያስብም። አደጋው ያለው በሦስተኛ ማዕረጉ ፉርጎ ላይ ነው፤ ብዙ ስለነበረ ብርቅ አይመስልም፤ ብርቅ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ የመጨረሻው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

የጎረቤት አገር ኬንያ ተሞክሮ እዚህ ላይ ሊጠቀስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ከያዛቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ፉርጎ አለ። እ.ኤ.አ. በ1900 ቻርልስ ራያል የተባለ የፖሊስ መኮንን ሰው በላ አንበሳ ለመግደል በኪማ ጣቢያ ፉርጎ ውስጥ አድፍጦ ሳለ እንቅልፍ ጥሎት፣ አንበሳው ራሱ ገብቶ የወሰደው ከዚሁ ፉርጎ ውስጥ ነው። ያ ፉርጎ ባይኖር ኖሮ ታሪኩ ተረት ይመስል ነበር። የኬንያም አሮጌ ሐዲድ እንደ እኛው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዚያም ሰፊ ሐዲድ አገልግሎት ጀምሯል። ሙዚየሙ ግን ይህ ለውጥ ከመምጣቱ ከአርባ ዓመታት በፊት ተቋቁሞ ስለነበር ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ተለይቶ ነበር።

በአገራችን የለገሃር አካባቢ መልሶ ማልማት ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተገልጿል። ሕንፃ ከሥፍራው ስለማይነቃነቅ ለመጠበቅ ይቀላል። ፉርጎ ግን ተጎትቶ ይወሰዳል፣ ተቆርጦም ይጫናል። ቁጥሩ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ማዕረጉና የቆመበት ሥፍራ በዝርዝር ያልተጻፈ ፉርጎ ቢጠፋ እንኳ መጥፋቱን የሚያሳይ ሰነድ አይኖርም። ይህን ዝርዝር ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው አንድ ባለሙያ፣ የፎቶግራፍ ካሜራና ከአዲስ አበባ እስከ ደወሌ በየጣቢያው የሚደረግ ጉዞ ነው።